የአገር ልጅ የሚፈራበት ስደት

ሐበሻ ስደት ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ሐበሻን ነው። ናይሮቢ የደረሰ ኢስሊ የት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዋሽንግተን ያረፈ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሰፈሩን ልጅ ይደውልለታል። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የሚተኛበትን ያገኝለታል፤ ሥራ ያስገባዋል፤ ከአስተርጓሚና ከጠበቃ ያገናኘዋል። «የአገር ልጅ የማር እጅ» የተባለው በከንቱ አይደለም። የዓለም የስደተኞች አሠራርም፣ በግልጽ ባይናገረውም፣ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በካምፕ ውስጥ ሰውን ከወገኑ ጋር ያሰፍራል። ለቃለ መጠይቅ የአገሩን ሰው አስተርጓሚ አድርጎ ያስቀምጣል። ከመጣም በኋላ «ማኅበረሰብህ ይርዳህ» ይለዋል።

ከአባቱ፣ ከወንድሙ፣ ከጎረቤቱ የሸሸ ሰው ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስጀንደሮችና ኢንተርሴክስ የሆኑ ስደተኞች፣ በዓለም አቀፍ አጠራሩ ኤልጂቢቲአይኪው ስደተኞች፣ ድንበር ተሻግረው ሲያበቁ መጀመሪያ የሚጠነቀቁት ቋንቋቸውን የሚናገረውን ሰው ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት እነዚህን ሰዎች ለመርዳት የተደረገውን ስመለከት፣ የተሳካውን ካልተሳካው የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ የአገር ልጅ የሚሞላውን ቦታ በሌላ ሰው ለመተካት የሞከረው ሠርቷል፤ ያንን ቦታ ያላየው አልሠራም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕጉ እንጀምር። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት የሚያሰጡ አምስት ምክንያቶችን ይጠቅሳል፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከትና «የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን»። አምስተኛው በስዊድን ልዑክ ጠያቂነት የገባ ሐረግ ሲሆን ብዙም ማብራሪያ አልተሰጠበትም። በኋላ ለእነዚህ ስደተኞች በር የከፈተው ያ ሳይብራራ የቀረው ሐረግ ነው። በ1981 የኔዘርላንድ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ አካል በፍቅር ዝንባሌው የተሳደደ ሰው በዚህ ሐረግ ሊጠለል ይችላል አለ። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩን ያስነሳው በ1980 ከማሪኤል ወደብ በጀልባ የመጣ ኩባዊ ነበር። አገሩ ሳለ መንግሥት በመዝገብ ይዞት በየሁለት ሦስት ወሩ ለምርመራ ይጠራው ነበር። በ1990 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ከመባረር አዳነው፤ በ1994 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ጃኔት ሬኖ ውሳኔው ለሌሎች ጉዳዮችም አስገዳጅ እንዲሆን አዘዙ። የካናዳው መንገድ ይበልጥ ያስገርማል። የ1993ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠው ከታጣቂ ቡድን በከዳ አየርላንዳዊ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዳኛው «ማኅበራዊ ቡድን» ምን እንደሆነ ሲያብራሩ የፍቅር ዝንባሌን በምሳሌነት ጠቀሱ፤ ከዚያ በኋላ ያ ምሳሌ ሕግ ሆኖ ኖረ።

የአፍሪካው ሰነድ ደግሞ የተፈረመው እኛው ከተማ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት መስከረም 10 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ ሲጸድቅ ያንኑ አምስተኛ ምክንያት እንዳለ ወስዷል። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዓ.ም.ም እንዲሁ። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ሁለቱ ሕጎች በአንድ አገር አብረው ይኖራሉ። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ግንኙነት በወንጀል የሚያስጠይቁ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ከ60 በላይ ናቸው፤ ከነዚህም በርካቶቹ ብዙ ስደተኛ ያስጠለሉ ናቸው። አንባቢ በድርጊቱ ላይ የፈለገውን አቋም ይያዝ። ጥገኝነት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ቢመለስ ይደበደባል ወይ፣ ይታሰራል ወይ፣ ይገደላል ወይ?

በሩ ከተከፈተ በኋላ ባለሥልጣናቱ አዲስ መልስ አገኙ፤ «ተመለስና ደብቀህ ኑር»። ለብዙ ዓመታት በአውሮፓና በአውስትራሊያ ማመልከቻ ውድቅ የሚደረገው በዚህ ነበር። አንድ ሰው ለእምነቱ ቢሰደድ «ቤትህ ገብተህ በስውር ጸልይ» ተብሎ ሊመለስ አይገባም፤ በፍቅር ሲሆን ግን ምክሩ ለዳኞች ተገቢ ይመስላቸው ነበር። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 በሁለት ባንግላዴሻውያን ጉዳይ፣ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ይህን አሠራር አፈረሰው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 አንድ ኢራናዊና አንድ ካሜሩናዊ ባቀረቡት ክርክር ተከተለ። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሴራሊዮን፣ ከኡጋንዳና ከሴኔጋል በመጡ ሦስት ሰዎች ጉዳይ ማንም ራሱን እንዲደብቅ ሊጠየቅ አይችልም አለ። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እስራቱ በተግባር የሚፈጸም መሆኑ መታየት አለበት ይላል። ጀርመን መደበቅን የሚመዝነውን አሠራር ከመመሪያዋ ያወጣችው በ2022 ነው። ፍርዱ ከተሰጠ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«ደብቅ» ማለት ሲከለከል ጥያቄው ወደ ማስረጃ ዞረ፤ «መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

በዚህ ላይ የተሠራው ለማመን ይከብዳል። ቼክ ሪፐብሊክ ጥገኝነት ጠያቂ ወንዶችን ፊልም እያሳየች ሰውነታቸው ምን ምላሽ እንደሚሰጥ በመሣሪያ ትለካ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2010 ይፋ አወጣው። ሃንጋሪ አንድ ናይጄሪያዊን የቀለም ጠብታ እያሳየች ምን እንደሚታየው ጠየቀችው፤ ዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው እንዲሥልም አደረገችው። በውጤቱም የተናገረውን ማረጋገጥ አልተቻለም አለችው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2018 ያን ዓይነት የሥነ ልቦና ፈተና ከለከለ። በ2018 የኦስትሪያ ባለሥልጣን አንድ ወጣት አፍጋናዊን አካሄዱ፣ ሁኔታውና አለባበሱ «እንደዚያ አይመስልም» ብሎ ማመልከቻውን ጣለበት። ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በ2014 ያው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ስለ አልጋ ዝርዝር መጠየቅ፣ ቪዲዮ መቀበልና «መጀመሪያ ቀን ለምን አልተናገርክም» ብሎ ብቻ ውድቅ ማድረግ አይቻልም ብሎ ነበር።

ሳይነሳ የማይቀር አንድ ሐሜት አለ። ዲያስፖራው ውስጥ «ኬዝ መሥራት» የሚባል፣ ለጥገኝነት ታሪክ የመፍጠር ነገር እንዳለ የማያውቅ የለም፤ ይህኛውም ኬዝ እንደ ሌላው ይሠራል ይባላል። አዎ፣ የሚዋሽ ይኖራል፤ በፖለቲካም በሃይማኖትም የሚዋሽ እንዳለ ሁሉ። ማስረጃ በጠበቀ ቁጥር ግን የሚወድቀው ማን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ዋሾው አስቦበት ነው የሚመጣው፤ ፎቶ አለው፣ የማኅበር ደብዳቤ አለው፣ ታሪኩ ቀን በቀን የተሰደረ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያቃጥል፣ መልእክት ሲያጠፋ፣ ስም ሲቀይር የኖረው ሰው ምንም የለውም። ለመዳን ያደረገው ሁሉ ጠያቂው ፊት ሲቀርብ ይከሰስበታል። እንግሊዛዊው ጠበቃ ኤስ. ቼልቫን በዚህ ምክንያት ሌላ የአጠያየቅ መንገድ ቀየሱ። ከሌላው መለየትህን መቼ አወቅህ? ሰው ምን አለህ? በራስህ ምን ተሰማህ? ምን ጉዳት ደረሰብህ? ነገሩ አልጋ ውስጥ የተደረገውን ትቶ ሰውየው ያደገበትን ሕይወት መጠየቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የ2012 መመሪያም ወደዚሁ ያዘነብላል። ካናዳ በ2017 ለዳኞቿ ያወጣችው መመሪያ ከብዙዎች የተሻለ ነው። ብራዚል በ2023 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በሞት ወይም በእስራት ከሚቀጡ አገሮች ለሚመጡት አሠራሩን አሳጠረች፤ እኔ ሌሎች አገሮችም ቢቀዱት የምመኘው ይህን ነው።

ጥሩ ጥያቄ ቢኖርም ጥያቄውን የሚያደርሰው አስተርጓሚ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ በሪፖርቶች ውስጥ በአንድ አንቀጽ የሚታለፍ ጉዳይ ቢሆንም ብዙ ኬዝ የሚበላሸው እዚሁ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የሚተረጉም ሰው በአንድ የጀርመን ወይም የስዊድን ከተማ ስንት ይሆናል? በጣት የሚቆጠር። ያ ሰው እሑድ በቅዳሴ፣ ቅዳሜ በሠርግ የሚገኝ ነው። ጥገኝነት ጠያቂው ለአባቱ ያልነገረውን ነገር ለመኰንኑ ሲናገር፣ መጀመሪያ የሚሰማው የእናቱን ጓደኛ የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያድበሰብሳል። «ከቤተሰብ ተጣልቼ» ይላል። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ እውነቱን ሲያወጣ «ቃልህ ይጋጫል» ይባላል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። በጥገኝነት ቢሮ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚ ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። ጠበቃው ሊሆንለት አይችልም፤ ምስክሩም እንዲሁ። ገንዘብ ያለው ይቀጥራል። የሌለው የሚያውቀውን ሰው ይለምናል፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ የሚፈራው ሰው ነው። በ1996 በወጣ ሕግ የገባው የአንድ ዓመት ገደብ ይህን ያባብሰዋል። አመልካች አገር በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላመለከተ፣ ልዩ ምክንያት ካላሳየ በቀር፣ መብቱ ይቀራል። በአክስቱ ልጅ ሳሎን ውስጥ የሚያድር ልጅ ያንን ዓመት በዝምታ ያሳልፈዋል፤ አፉን የሚከፍተው የራሱን ክፍል ሲከራይ ነው፣ ያኔም ቀኑ አልፏል። በዘርፉ የሚሠራው ኢሚግሬሽን ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት በነጻ ጠበቆች እነዚህን ሰዎች ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ ሊያገኙት ይገባል። በአማርኛ ደግሞ ማን ይነግራቸዋል?

ወደ አፍሪካ እንመለስ። በየካቲት 2014 የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የፀረ ግብረ ሰዶም ሕጉን ፈረሙ፤ በነሐሴ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ ሻረው። በ2023 ሌላ፣ የባሰ ሕግ ወጣ፤ እድሜ ልክ እስራት፣ «ከባድ» ላለው ደግሞ ሞት። በሚያዝያ 2024 ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን አጸና። ከ2014 ጀምሮ ብዙ ኡጋንዳውያን የሸሹት ወደ ኬንያ ነው። ኬንያም በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 162 እስከ 14 ዓመት እስራት አላት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 አልሽርም ብሏል። ሆኖም በአካባቢው በዚህ ምክንያት የመጣን ስደተኛ መዝግባ ያስተናገደች እሷ ናት፤ ይህ ሊነሳላት ይገባል።

መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ስለነበሩ ጉዳያቸው ቶሎ እየታየ ወደ ሦስተኛ አገር ተሸኙ። ወሬው ሲሰማ ቁጥሩ በዛ፤ ወረፋው ረዘመ። የኬንያ ፖሊሲ ደግሞ ስደተኛ ካምፕ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ካኩማ ገቡ። ካኩማ በ1992 በቱርካና በረሃ የተከፈተ፣ ከ200 ሺህ በላይ ሰው የያዘ ካምፕ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል ነበሩ፤ ቡና ቤትና ሱቅ ከከፈቱት መካከልም እነሱ ይገኙበታል። እዚያ ሰው ከወገኑ ጋር ይሰፍራል፣ ከወገኑ ጋር ውኃ ይቀዳል፣ ሲደበደብ የወገኑ ሽማግሌ ይዳኛል። ኡጋንዳውያኑ ለዚህ ሥርዓት የሚሆን ወገን አልነበራቸውም። ተሰባስበው «ብሎክ 13» በሚባለው ቦታ አብረው መኖር ጀመሩ። መሰባሰባቸው እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አደረጋቸው፤ ያው መሰባሰብ የት እንዳሉ ለሁሉ አሳወቀ። በመጋቢት 2021 ሌሊት ቤንዚን ተወረወረባቸው። ክፉኛ ከተቃጠሉት አንዱ በሚያዝያ ናይሮቢ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከኬንያ ድርጅት ጋር በ2023 ባወጣው ዘገባ ድብደባውን፣ አስገድዶ መድፈሩን፣ ፖሊስም አቤቱታ ሲቀርብለት ጆሮ አለመስጠቱን ዘርዝሯል።

እዚህ ላይ ድርጅቶች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን «ለይታችሁ አስፍሯቸው» ይላል፤ ሌላው «መለየት ዒላማ ማድረግ ነው፤ በናይሮቢ ሕዝብ መሃል ተበትነው ይኑሩ» ይላል። እኔ ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ፤ ነገር ግን ናይሮቢ የቤት ኪራይ ካልተከፈለ ምክሩ ባዶ ነው። የሚከፈለው አበል ባነሰ ጊዜ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሆነው ሲኖሩ ጎረቤት ይጠረጥራል፣ አከራይ ያስወጣል። በዚሁ ምክንያት ሸሽተው ቱርክ የገቡ ኢራናውያንም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ቱርክ ከአውሮፓ ውጪ ለመጣ ሰው ሙሉ የስደተኛነት መብት ስለማትሰጥ ዴኒዝሊና ኤስኪሼሂርን በመሳሰሉ ከተሞች ለዓመታት ሦስተኛ አገር ሲጠብቁ ኖሩ፤ በ2017 አሜሪካ ኢራናውያን እንዳይገቡ ስትከለክል ብዙዎቹ ባሉበት ቀሩ።

አውሮፓ የደረሱትን የረዳው ትልቁ ነገር መኖሪያ ነው። በ2015 ጀርመን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስትቀበል ብዙው በስፖርትና በአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ ተኛ። አንድ ሶርያዊ የሸሸውን ሰው አጠገቡ አልጋ ላይ አገኘው። በርሊን ውስጥ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች የምክር አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ማኅበር በየካቲት 2016 ለነዚህ ስደተኞች ብቻ 120 ያህል ሰው የሚይዝ መጠለያ ከፈተ። እንግሊዝ ውስጥ ማይክሮ ሬይንቦ ከ2017 ጀምሮ ትንንሽ ቤቶች እያዘጋጀ ነው፤ ከቤቱ ጋር ሥራ ለማፈላለግም ያግዛል። ሆላንድ ውስጥ ሲኦሲ የተባለው አንጋፋ ማኅበር አዲስ መጪውን ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ጋር ያጣምረዋል፤ ቡና አብረው ይጠጣሉ፣ ወደ ሐኪም አብረው ይሄዳሉ። ትንሽ ይመስላል። ከማየው ሁሉ ግን ወደ አገር ልጅነት የሚቀርበው ይህ ነው።

ካናዳ ይህን ወደ አሠራር ለወጠችው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተራ ዜጎች ተሰባስበው ስደተኛን ስፖንሰር ማድረግ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ለመጡት ቪየትናማውያን ከስፖንሰሮቹ መካከል ቤተሰብና ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ቤተሰቡ ያባረረውን ሰው ግን ማን ስፖንሰር ያደርገዋል? ቫንኩቨር ያለው ሬይንቦ ሬፉጂ የተባለ ማኅበር ከ2011 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። መንግሥት የመጀመሪያውን ሦስት ወር ወጪ ይሸፍናል፣ ቀሪውን ዘጠኝ ወር አምስትም ሆኑ ከዚያ በላይ ሰዎች የተሰባሰቡበት ቡድን ይይዛል። ከ2020 ጀምሮ የዓመቱ ኮታ ከ15 ወደ 50 ከፍ ብሏል። ሃምሳ ሰው። ቶሮንቶ ያለው ሬይንቦ ሬይልሮድ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አደጋ ላይ ያለን ሰው በቀጥታ ያወጣል። በ2017 በቼችንያ ወንዶች እየታፈሱ ሲሰቃዩ ከሩሲያ ድርጅት ጋር ሆኖ ሠላሳ ያህሉን ካናዳ አስገባ፤ በ2021 ካቡል ስትወድቅ 29 አፍጋናውያን እንግሊዝ እንዲደርሱ ከሌሎች ጋር ሠርቷል። በ2023 የካናዳ መንግሥት ስደተኛ የመጠቆም ሥልጣን ሰጠው። እስከዚያ ጠቋሚነቱ በዋናነት በከፍተኛ ኮሚሽኑ እጅ ነበር፤ ከፍተኛ ኮሚሽኑን ለማግኘት ደግሞ ድንበር ተሻግሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ማገናኘቱ ጉዳይ ግን አሁንም አልተፈታም። ሕጉ ለባለ ትዳር የተሠራ ስለሆነ የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃል። ጋብቻቸው በአገራቸው ወንጀል የሆነ ጥንዶች ወረቀት ከየት ያመጣሉ? የአብሮ መኖር ማስረጃ ይበቃል የሚሉ አገሮች አሉ፤ አብረው እንዳይታዩ ሲጠነቀቁ ለኖሩ ሰዎች ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የኛን ሰዎች በተመለከተ የተሠራው ጥቂት ነው። ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ በውጭ የሚንቀሳቀስ የኢትዮጵያውያን ድርጅት አለ። በ2023 ክረምት የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቦታዎች ላይ እርምጃ እየወሰድኩ ነው፣ ጠቁሙኝ ሲል፣ በቲክቶክም የሰዎች ፎቶ ከማስፈራሪያ ጋር ሲዞር፣ ድርጅቱ ቪዲዮዎቹ እንዲነሱ ጮኾ ነበር። ቪዲዮ የሚሠሩት አንዳንዶቹ የሚኖሩት አገር ቤት አይደለም፤ ጥገኝነት ጠያቂው በሚሸሽበት አገር ነው። የስልክ ዘመን ስደትን እንዲህ አድርጎታል፤ ሰው ቪየና ደርሶም ፎቶው ሰፈሩ ውስጥ ይዞራል።

አሁን ደግሞ በሩ እየጠበበ ነው። አሜሪካ በጥር 2023 ዜጎች ስደተኛ ስፖንሰር የሚያደርጉበትን ፕሮግራም ጀምራ፣ ሬይንቦ ሬይልሮድም ተካፋይ ሆኖበት፣ ልክ በሁለት ዓመቱ በጥር 2025 አዲሱ አስተዳደር የስደተኛ መቀበሉን በሙሉ አገደ፤ ቀጥሎ የ2026 በጀት ዓመት ጣሪያ 7,500 ብቻ ሆነ። የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያዝያ 2025 ባቀረበው «ደህና አገሮች» ዝርዝር ሞሮኮና ቱኒዚያ አሉ፤ ሁለቱም ይህን ግንኙነት በእስራት ይቀጣሉ። ጀርመን ጋናንና ሴኔጋልን ደህና ካለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከደህና አገር የመጣ ሰው ጉዳዩ በፈጣን ሥርዓት ይታያል። ፈጣን ሥርዓት ደግሞ ለመናገር ጊዜ ለሚያስፈልገው ሰው የሚመች አይደለም።

ኬንያ በመጋቢት 2025 «ሺሪካ» የተባለ እቅድ ይፋ አደረገች። ካኩማና ዳዳብ ካምፕ መሆናቸው ቀርቶ ስደተኛው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሠርቶ የሚኖርባቸው ከተሞች እንዲሆኑ ነው። ለሶማሌው ነጋዴና ለደቡብ ሱዳናዊቷ ተማሪ መልካም ዜና ነው፤ በዚያው ዓመት ራሽን ሲቀነስ ተቃውሞ የተነሳበት ካምፕ ውስጥ ተቀምጦ እርዳታ ከመጠበቅ የራስን ሱቅ መክፈት ይሻላል። ብሎክ 13 የነበሩት ሰዎች ግን ካኩማን የሚያዩት የሚኖሩበት ሳይሆን የሚያልፉበት ቦታ አድርገው ነበር። ሦስተኛው አገር ከተዘጋ፣ አንቀጽ 162 ካለበት ካልተነቃነቀ፣ ከማን ጋር ተዋሕደው ይኖራሉ?